ገመድ ያልታሰረላት መርከብ

ሰኔ 8፣ እሑድ

ይህ ደብተር የመርከቧ ነው። ምን እንደቆረጥኩ፣ ምን እንደለጠፍኩ፣ የትኛው ኮላ እንደከዳኝ እጽፍበታለሁ እንጂ የሆዴን አልዘከዝክበትም። ያለፉትን መርከቦች ሳልጽፍ ስለሠራሁ አንዱኑ ስህተት በሁሉም ላይ ደግሜዋለሁ።

ዛሬ ሦስተኛው ምሰሶ ቆመ። አካሏ ጽድ ነው፤ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እያለሰለስኩ አጉብጬ የደረደርኩት። ምሰሶዎቿ ቀርከሃ፣ የዙሪያ አጥሯ ስቴኪኒ። ከእውነተኛዋ መቶ ጊዜ ያነሰች ባለ ሸራ መርከብ የምግብ ጠረጴዛችንን ግማሽ ወስዳ ቆማለች። የቀራት ገመድ ብቻ ነው። ሠሪው የሚፈተነው ደግሞ ገመድ ላይ ነው። ከየምሰሶው ግራና ቀኝ መርከበኛው የሚወጣበት የገመድ መሰላል አለ፤ እያንዳንዷ ደረጃ በወረንጦ ተይዛ ትቋጠራለች። ክሩን መጀመሪያ ጧፍ ላይ እየሳብኩ ሰም አጠጣዋለሁ፤ ያኔ ጸጉር አያወጣም፣ ቋጠሮውም አይላላም። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ከሩፋኤል ስመለስ የያዝኩት ጧፍ ኪሴ ውስጥ ክር ላይ ቀልጦ ነው ያወቅኩት።

ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሥራዬ ጥርስ መሥራት ነው፤ ሐኪሙ ይነቅላል፣ እኔ ላቦራቶሪ ተቀምጬ ምትኩን አበጃለሁ። የሠፈሩ ሰው ግን «አድሚራል» ነው የሚለኝ። ክረምት ሲገባ ደግሞ «ጋሽ አክሊል፣ ዘንድሮ ዝናቡ ሊበረታ ነው፣ ቦታ ያዙልን እንጂ» ይሉኛል። ለምጄዋለሁ።

ይህችኛዋ የልጄ የሰምሀል ናት። ሕፃን ሆና «መቼ ነው የምታገቢው?» ሲሏት «አባዬ የኔን መርከብ ሲጨርስ» ትል ነበር። ዛሬ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አሁንም እንደዚያው ትላለች።

ሁለት ደረጃ አሰርኩ። ክሩ ደጋግሞ ከወረንጦው አመለጠኝ። ብርዱ ነው።

ባለቤቴ ሰርካለም «በዚህ ብርድ መስኮት ትከፍታለህ?» ብላ ተቆጣችኝ። ሞቆኝ ነበር።


ሰኔ 14

አራት ደረጃ አስሬ ሦስቱን ፈታሁ። ሻይ ላቆም ነው። ሻይ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።


ሰኔ 22፣ እሑድ

ሌንጮ መጣ። ሌንጮ የሰምሀል «ጓደኛ» ነው፤ ቃሏን ሁላችንም ተስማምተን ነው የምንጠቀምባት። ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ችግኝ ክፍል ይሠራል፤ ቤተሰቦቹ ሸጎሌ የከበሩ ከብት ነጋዴዎች ናቸው። ነፋስ የጣለው የወይራ ቅርንጫፍ አስፈቅዶ አመጣልኝ፤ ለመሪዋና ለመልህቋ የሚሆን። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ሲሞረድም ቅባት ያወጣል። ልጁ እንጨት ያውቃል። ከማውራቱ በፊት ያያል፤ ይህን ጠባዩን እወደዋለሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ እያወራ ነው የሚያየው።

«ጋሼ፣ ይሄ መሰላል እስከ ላይ ይደርሳል?» አለኝ።

እንዴት እንደሚቋጠር እያሳየሁት ሳለ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እ... ማለቴ፣ ከሐምሌ አቦ በኋላ አባቴ ሰዎች ሊልክ አስቧል» አለ። በዚያው ቅጽበት እጄ! ወረንጦው እንደ ዝናብ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ጠ ጠ ጠ አለ። ሌንጮ እጄን አየ፣ ፊቴን አየ። እጄን ጠረጴዛ ሥር ቀብሬ «እስቲ እናያለን» አልኩት።

«ልሂድ ጋሼ፣ ታክሲ እንዳይጠፋ» ብሎ ወጣ። በእሑድ፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት፣ ምን ታክሲ ይጠፋል?


ሰኔ 29

ቀበቶዬ ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁ። ሁለተኛው መሆኑ ነው።

ሰርካለም ከእህቷ ከማሚቴ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «የሁለት ሰው ይበላል፣ ግን እየከሳ ነው። ሌሊት ያልበዋል። ስናገረው ይጮህብኛል። እኔ እንጃ ማሚቴ፣ አንድ ነገር አለ።» ማሚቴ ከወዲያ ሆና ፍርዷን ሰጠች፦ ኮሶ ነው። ወዲያው የኮሶ መድኃኒት ተገዛ፣ ቆመውብኝ አስዋጡኝ። ከሆዴ በስተቀር ማንም አልተጎዳም።

እጄ እንደነበረች ናት። ስለ እጄ ለማንም አልነገርኩም። የሚነገር ነገርም የለም።


ሐምሌ 6፣ እሑድ

መጡ።

ሦስት ናቸው። አፈ ጉባኤያቸው የሌንጮ አጎት አቶ ሾዴ ናቸው፤ ረጅም፣ ባለ ባርኔጣ፣ ድምፃቸው ከሸጎሌ ከብት ገበያ ዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሰው። እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ብንላቸው «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም፤ እሺ ሳንባል እህል ውሃ አንቀምስም» አሉ። ሰርካለም ከትናንት ጀምራ ምድጃ ላይ ናት። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆው ተደርድሯል፤ መርከቧን ወደ ጥግ ገፋናት።

አቶ ሾዴ ቤቱን ገርመም አደረጉና፣ «አቶ አክሊል፣ እኔ ከብት የምገዛው ጥርሱን አይቼ ነው። እርስዎ ደግሞ ጥርስ ሠርተው ይገጥማሉ አሉኝ። ታዲያ እኔና እርስዎ እንዴት ነው የምንተማመነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ከልቤ ሳቅኩ። ደስ አሉኝ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዋናውን ነገር ጀመሩ። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን አሉ። «ስለ ልጃችን ጠይቁ፣ አጣሩ፣ ወጉ ነው። እኛም በበኩላችን ጠይቀናል። የጨዋ ልጅ ናት፤ ቤቱም ጤነኛ ቤት ነው፣ በዘር የሚሄድ ነገር የለበትም ብለውናል።»

ጤነኛ ቤት።

እሺ ብል ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁ። ጠጁን ራሴ እቀዳለሁ። ብርጭቆ አነሳለሁ። ስድስት ዓይን እጄ ላይ ያርፋል። እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ፣ «እንመካከርበት» አልኩ። «ከፍልሰታ በኋላ ተመለሱ።»

የሴት ወገን አንዴ ቀጠሮ መስጠቱ ነውር የለበትም። ወዲያው እሺ ቢባል እንዲያውም ልጅቷ የረከሰች ይመስላል። ግን ቀጠሮ ማለት ሳምንት ነው፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት። ክረምቱን ሙሉ አይደለም። አቶ ሾዴ ባርኔጣቸውን አነሱ። «ወግ ነው፣ እንመለሳለን» አሉ፤ ሳቃቸው ግን አብሯቸው ወጥቶ ነበር። ከወጥ ቤት ክዳን ሲወድቅ ሰማሁ። ሰምሀል ናት።

ዶሮው ከነድስቱ ቀረ። ሰርካለም ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አንስታ መለሰች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።


ሐምሌ 7

ያልኩትን አልኩ። የሚያስጸጽት ነገር የለም።


ሐምሌ 13

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። የምሠራለት የጥርስ ሐኪም ዶክተር ይገዙ አንድ የታችኛ መንጋጋ ጥርስ መለሰልኝ። አልገጠመም። «አንተ ነህ የሠራኸው?» አለኝ፤ እኔ ነኝ ስለው ደግሞ አላመነኝም። የእስከ ዛሬ ሥራዬን እንደማሞገስ አይቆጠርም?

ይህ እስክሪብቶ ደግሞ ጥሩ አይደለም። ጽሑፌን የዶሮ ጭረት አስመሰለው።


ሐምሌ 20፣ እሑድ፣ ማታ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በራችን ሥር እያጓራ አለፈ። ሰርካለም ጋቢና ብርድ ልብስ ደራርባ ተኝታለች። እኔ በካናቴራ ተቀምጫለሁ። ቅድም ክንዴን ነክታ «አንተ ሰውዬ፣ ምድጃ ነህ» አለችኝ። ልቤ የሮጥኩ ያህል ትመታለች፤ የሮጥኩት ደግሞ ከአልጋ እስከ ወንበር ነው።

አልጽፍም ያልኩትን ልጻፈው እንግዲህ። ደብተሩ የመርከቧ ነበር፣ መርከቧ ግን ቆማለች።

አባቴ ደብረ ብርሃን በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ እጁ ጭኑ ላይ ብቻዋን ትንቀጠቀጥ ነበር። አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ የማትታይ ፍሬ ያሻሉ። ብርጭቆ ሊያነሳ እጁን ሲሰድ ደግሞ ለአፍታ ጸጥ ትል ነበር፤ ያኔ እኛ ልጆቹ ተስፋ እናደርጋለን። መምህር ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ፊደሉ የታተመ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ስሙን መጻፍ አቃተው፤ በማንኪያ አበላነው። አገጩን የምጠርግለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ «ይቅርታ» አለኝ። የወለደኝ ሰው፣ ስለጠረግኩት ይቅርታ ጠየቀኝ።

እንግዲህ እሱ አንድ፣ እኔ ሁለት። ሁለት ሲሆን ዘር ነው ይባላል። ይህ ከተሰማ አቶ ሾዴ ምን ይላሉ? ልጄን ማን ያገባታል? ያገባትስ ሰው ልጅ ሲወልድ እጅ እጁን እያየ አይደለም የሚያሳድገው? ስለዚህ ዝም ብል ይሻላል። ምናልባት እስከ ፍልሰታ ይተወኝ ይሆናል፤ አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ብርጭቆ እስካነሳ።

እስክሪብቶውን አስቀምጬ አየሁ፤ እጄ ጠረጴዛው ላይ አርፋለች። ዝም ብላለች። እዚያ ሆና ምንም አትልም፤ ጠዋት ወረንጦ ስይዝ ነው የምትነሳው። አድብታ ነው።


ሐምሌ 27

ሌንጮ ቀረ። እሑድ እሑድ ይመጣ ነበር።

ጀና ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገብቼ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። አንዷ ደንበኛ ናት፦ «የአድሚራሉ ቤት የከብት ነጋዴ ዘመድ ናቁ አሉ። ሽማግሌዎቹን እንደቆሙ መልሰዋቸዋል።» ጀና ቀና ስትል አየችኝ፤ ሳሙናውን ሳልጠይቃት ሰጠችኝ፣ መልስም ጨምራ።

እኔ ልንቅ? እኔ? የአባቴ ወንድሞች በሙሉ በግ ነው ያረቡት! ተመልሼ ልናገራት ብዬ ነበር። ታዲያ ምን ብዬ? «አልናቅኩም፣ እንዲያው...» ከዚያስ?


ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገባ። አንድ ጥሩ ነገር፣ ሰውነቴ ለምን እንደቀጠነ የሚጠይቀኝ የለም። እጄን ያየ ሰው ቢኖር «ጾም ነው» እለዋለሁ።

ሰርካለም «ዘንድሮ ጾሙን በሰኔ ነው የጀመርከው?» አለችኝ። ዘወር ብዬ ሄድኩ። ጮሄባታለሁ መሰለኝ። አዎ፣ ጮሄባታለሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ሄጄ ሽንኩርት ልላጥላት ሞከርኩ፤ ቢላውን ከእጄ ወሰደችው። «ተው፣ ትቆረጣለህ» አለች፣ ረጋ ብላ።


ነሐሴ 12

ሰምሀል በረንዳ ላይ ከሌንጮ ጋር በስልክ ታወራለች። እያዳመጥኩ አልነበረም። መስኮቱ ክፍት ነበር እንጂ።

«አባዬ አይፈልግም ማለት ነው፣ በቃ። እንቢ ማለት ስለከበደው ነው። መርከቧን እኮ ተዋት ሌንጮ! አቧራ ለብሳለች። አንድ ገመድ ካሰረላት ሁለት ወር ሆነው። እሷን ካልጨረሰ... ታውቃለህ እኮ። በሷ ነው የሚነግረኝ።»

ከዚያ አለቀሰች።

መርከቧን ወዲያው በብሩሽ ጠረግኳት። ያን ያህል አቧራ እንኳ አልነበራትም። ልጅ በአቧራ ታለቅሳለች እንዴ?

ጠርጌ ስጨርስ ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ። ሦስት ራቁት ምሰሶ። የምትለው ገባኝ። ቀድሞውንም ገብቶኛል። ግን ምን ልበላት? ልጄ፣ አንቺን አልከለከልኩሽም፣ እጄ ከለከለችኝ ልበላት? ይህን ሰምታ ከሚከፋት ይልቅ ብትጠላኝ አይሻልም?

አይሻልም። ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ፣ ሳነበው ደግሞ የሰነፍ ነገር ሆነብኝ።


ነሐሴ 18፣ እሑድ

ሁሉም ነገር ፈነዳ። በሸሚዝ።

ሰምሀል አዲስ ነጭ ሸሚዝ ገዝታልኝ መጣች። ወዲያ ወዲያ እያየች «ለቀጠሮው ነው። ቀጠሮ ካለ ማለቴ ነው» አለች። ሸሚዙን ለበስኩት። ወገቡ ላይ ጆንያ ሆነብኝ። የአንገቱ ቁልፍ ግን አልደርስ አለ። እሷ ልትቆልፈው ታገለች።

«አርባ አንድ አይደል እንዴ የምትለብሰው?»

«ነው። ስፌቱ ነው።»

«አባዬ፣ ሱሪህ ከወገብህ እየወረደ ነው፣ ሰው ከስቶ አንገቱ ይወፍራል?»

እውነቴን ነው፣ አስቤው አላውቅም። ቀበቶዬን ስበሳ ስለ ቀበቶ ብቻ አሰብኩ፤ የላይኛውን ቁልፍ ከሐምሌ ጀምሮ ክፍት የተውኩት ሞቆኝ ነው ብዬ ነበር። ሰምሀል ሁለት ጣቷን ጉሮሮዬ ላይ አድርጋ «ዋጥ አድርግ» አለችኝ። ዋጥኩ። ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ እጆቼን ያዘቻቸው፤ እጆቿ ውስጥ ሆነው ተንቀጠቀጡ።

«ተናድደህብኝ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ተናገርኩ። ቆሜ፣ ባልተቆለፈ ሸሚዝ፣ ስለ አባቴ፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ብርጭቆው፣ ስለ ወረንጦው ሁሉንም። ስጨርስ ሰርካለም በሩ ላይ ካውያ ይዛ ቆማለች። ልብሱ ከበስተኋላዋ ሊቃጠል ነው፣ አላየችም።

«እጅህን ካየሁት ቆይቻለሁ» አለች። «ራስህ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው። ግን ላብ፣ ቁጣ፣ መክሳት... እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ነበር።»

«ምን?»

«ተወው። በዚህ ዕድሜህ ማን ይወስድሃል ብዬ ተጽናንቻለሁ።»

ሰምሀል እያለቀሰች ሳቀች። «እኔ እኮ ሌንጮን የጠላኸው መስሎኝ ነበር» አለች። ልጁን ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ከምወደው አስበልጬ እንደምወደው ነገርኳት። አለቀስኩ። ልጄ ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ አለቀስኩ፣ ቀለለኝ።


ነሐሴ 20

ሁለቱ ግራና ቀኝ ይዘውኝ ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ እንደተያዘ ሌባ። ዶክተር ጸሐይ የምትባል፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። እጅዎን ይዘርጉ አለችኝና ጣቶቼ ላይ አንድ ወረቀት አስቀመጠች። ወረቀቱ እንደ ወፍ ክንፍ ተርገበገበ። ቀጥላ «አሁን ጭንዎ ላይ ያሳርፉት» አለች። አሳረፍኩት። ጸጥ።

«አባትዎስ? እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሲሠሩ ነበር፣ ሲያርፉ?»

ሲያርፍ ነበር! በረንዳው ላይ፣ ጭኑ ላይ፣ ፀሐይ ሲሞቅ። ክረምቱን ሙሉ የአባቴን እጅ ሳስብ ከርሜ፣ የአባቴን እጅ ከእጄ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አላየሁትም።

ከዚያ ጥያቄውን አዥጎደጎደችው። ሙቀት ያስቸግርዎታል? ይበላሉ፣ ግን ይከሳሉ? እንቅልፍ ይነሳዎታል? ቶሎ ይቆጣሉ? ሰርካለም ሁሉንም እየቀደመች መለሰችልኝ፤ የመጨረሻውን በተለይ በደስታ። ደም ሰጠሁ። ዓርብ ውጤቱ ይደርሳል። ልቤ አሁንም ትሮጣለች፣ ግን ዛሬ የምትሮጥበትን አውቃለሁ።


ነሐሴ 23፣ ዓርብ

እንቅርት!

የአባቴ አይደለም። ጉሮሮዬ ላይ ያለችው እጢ ከልክ በላይ እየሠራች ነው ክረምቱን ሙሉ ያነደደችኝ፤ ላቡም፣ መክሳቱም፣ ቁጣውም፣ የእጄ ነገርም የሷ ሥራ ነው። መድኃኒት አለው። ኪኒኑን ሳላቋርጥ እየዋጥኩ፣ ደሜን እያስመረመርኩ፣ ቀስ በቀስ ይረጋል አለች ዶክተር ጸሐይ። ስለ አባቴም ጠየቅኳት። ያ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ አይሄድም አለችኝ፤ ይህን አንዲት ጥያቄ ጠይቄ ማወቅ ስችል ስንት ዓመት ፈራሁት።

ደጅ ስንወጣ ዝናብ ነበር። ሰርካለም ጃንጥላ ልትዘረጋ ስትል ሰምሀል ነጠቀቻትና ሦስታችንም ሳንጠለል እስከ ታክሲው ሄድን። ማታ እራት ላይ ሰርካለም «ማሚቴ ኮሶ ነው ብላ ነበር» አለች። ትንታ እስኪይዘን ሳቅን። ምስኪን ሆዴ።

ለአቶ ሾዴ ራሴ ደወልኩ። ቀጠሮው ጳጉሜን 2።


ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ኪኒኑ ገና ነው። እጄ እንደ ሐምሌ ባትሆንም ትንቀጠቀጣለች። ሰርካለም «ጠጁን ወንድሜ ይቅዳው፣ አንተ ተቀመጥ» አለችኝ። እምቢ አልኩ።

መጡ፣ በሩ ላይ ቆሙ። አቶ ሾዴ ዛሬ ቀልድ የላቸውም፤ ባርኔጣቸውን እንኳ አላወለቁም። «ቀጠሯችንን አክብረን መጥተናል» አሉ፣ ያችን ብቻ።

«እሺ ብለናል፣ ልጃችን ልጃችሁ ናት» አልኩ። «ግን ከመቀመጣችሁ በፊት የማፈሰው ነገር አለ።» ማሠሮውን ይዤ ቀዳሁ። ጠጁ ከብርጭቆው አልፎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጠረጴዛውም የአቶ ሾዴ ጫማ ላይ ፈሰሰ። «እንዲህ ነው» አልኳቸው። «ሐምሌ ላይ የመለስኳችሁ ንቄ አይደለም፣ ይህችን እጅ ደብቄ ነው። አሁን ሐኪም አይቶታል፤ እንቅርት ነው፣ ይድናል። ነገር ግን አባቴ በሚያንቀጠቅጥ በሽታ ነው የሞተው። ቤቱ ጤነኛ ነው ያሏችሁ ሰዎች ይህን አያውቁም። ሳታውቁ ልጄን እንድትወስዱ አልፈልግም። ካወቃችሁ በኋላ ሐሳባችሁን ብትለውጡ አልቀየምም።»

መዋሸት አልፈልግም፤ እቀየም ነበር።

አቶ ሾዴ ጫማቸውን አዩ፣ እጄን አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አቶ አክሊል፣ በሬ ስገዛ ጥርሱን አያለሁ፣ ኮቴውን አያለሁ፣ የእናቱን ወተት እጠይቃለሁ» አሉ። «ዛሬ ግን በሬ ልገዛ አልመጣሁም። ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ ሰው አገኘሁ። በሉ ያንን ብርጭቆ ይስጡኝ፣ ግማሹም ይበቃኛል።»

ተቀመጡ። ዶሮው ቀረበ። እልልታው እስከ ጀና ሱቅ ድረስ ተሰማ መሰለኝ፤ ባለሱቋ ሳትጠራ መጣች።


ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። የዛሬ ዝናብ ጸበል ነው ብለው የሠፈሩ ልጆች በሙሉ በቁምጣ ወጥተው ይጨፍራሉ። እኔም ወጣሁ። ሰርካለም በመስኮት «ጤነኛ እንሁን ብለን ሳንባ ምች ልትጨምርልን ነው?» ብላ ጮኸች። ሁለቱንም እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ። ተንቀጠቀጡ። ይንቀጥቀጡ።


መስከረም 4

ሌንጮ አደይ ይዞ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። መርከቧ አጠገብ ተቀመጠ፤ ብዙ ሲያመነታ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ያኔ ሰኔ ላይ እኮ...» አለ።

«እ?»

«ሽማግሌ እንልካለን ስልዎት እጅዎ ሲንቀጠቀጥ በጣም የተናደዱ መስሎኝ ነበር። ወረንጦውን ሊወረውሩብኝ ነው ብዬ ነው የሮጥኩት።»

ለዚያ ነው ለካ ታክሲው የጠፋው! ሳቄን ማቆም አቃተኝ። ልጁ ሁለት ወር ሙሉ እየፈራኝ ከርሟል፤ እኔ ደግሞ እሱን እየፈራሁ። ክሩን ጧፍ ላይ እንዴት እንደሚስብ አሳየሁትና አንድ ጥቅል ሰጠሁት። ሰምሀልም መጣች። አንዱ ይዞ አንዱ እየቋጠረ የኋለኛውን ምሰሶ ግማሽ ጨረሱ። አሥር ጊዜ «ሳብ አድርጉት እንጂ!» አልኳቸው። መቆጣቴ ለካ ሁሉም ከእጢ አልነበረም።


ጥቅምት 9፣ እሑድ

ሠርጉ ጥር ነው። ልጆቹ የሚከራዩትን ቤት ሊያዩ ሸጎሌ ሄዱ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የቀረኝ የመካከለኛው ምሰሶ ቀኝ መሰላል ብቻ ነው።

ሰኔ ላይ ያሰርኳቸውን ጠማማ ቋጠሮዎች ፈትቼ ልደግማቸው ነበር፤ ሰምሀል «እንዳትነካቸው» አለችኝ። ስለዚህ የፊተኛው ምሰሶ ግራ ጎን ሰካራም መርከበኛ ያሰረው እንደመሰለ ይኖራል። ቀበቶዬ ወደ ድሮው ቀዳዳ እየተመለሰ ነው። ዶክተር ይገዙ ባለፈው ሳምንት ጥርስ ከኔ ሲረከብ አገላብጦ አይቶ «ይሄ ያንተ ነው» አለ፣ ሌላ አልጨመረም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ደረጃ አሰርኩ። ቀጥሎ ሌላ። ወረንጦው የያዘውን ያዘ። ክሩ ወደላክኩት ሄደ። እንዲህ ነበር ለካ፤ ረስቼው ነበር። ፀሐይዋ ዘወር ስትል ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ በመስኮቱ ገባና አንገቴ ላይ ዞረ። ወረንጦውን አስቀመጥኩ፣ ክንዴን አሸሁ።

«ሰርካለም» አልኩ፣ «ጋቢዬን አቀብዪኝ እስቲ። በረደኝ።»

ዞር ስል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ምን አልክ?»

«በረደኝ።»

«እስቲ ድገመው።»

«በረደኝ እኮ ነው የምልሽ ሴትዮ! ጥቅምት ነው!»

ጋቢውን አምጥታ ደረበችልኝ፤ ጫፉን እስከ አገጬ ድረስ ስባ እጇን እዚያው ትከሻዬ ላይ አቆየችው። አፍንጫዋን ሳብ ስታደርግ ሰማሁ። ከዚያ ሄዳ መስኮቱን ዘጋችው። እኔ ክሩን ጧፉ ላይ ሳብኩ።